አኻያ በደሴና በኮምቦልቻ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ክረምት ሲቃረብ የችግኝ ጥያቄ ይበዛል። ስለ አኻያ የሚጠይቁ ሰዎችም እየበዙ ነው፤ ይህ ደስ ይለኛል። የቦርከና ወንዝ በየዓመቱ ዳሩን ሲበላ ያየ ሰው የዚህ ዛፍ ዋጋ ቶሎ ይገባዋል። ችግኙም ቢሆን ገንዘብ አይጠይቅም፤ ከዛፉ የተቆረጠ ቅርንጫፍ ሲተከል ይበቅላል። ስለት ያለው ቢላ፣ እርጥብ መሬትና ትንሽ ትዕግሥት ይበቃል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቦታ ሲመርጥ ነው፤ ስለዚህ ከታች ስለ ቦታ ደጋግሜ አነሳለሁ።

አኻያ የቱ ነው? ከሌላው በምን እለየዋለሁ?

በእኛ አካባቢ አኻያ የሚባለው ወንዝና ጅረት ዳር የሚበቅለው አገር በቀል ዛፍ ነው። የሳይንስ ስሙ ሳሊክስ ሰብሴራታ ነው። አንዳንድ የዕፅዋት ባለሙያዎች ሳሊክስ ሙክሮናታ ከሚባለው ጋር አንድ አድርገው ይቆጥሩታል፤ ስለዚህ በሁለቱም ስም ተጽፎ ብታገኙት አትደናገሩ። በዓለም ላይ ወደ 400 የሚጠጉ የአኻያ ዝርያዎች አሉ። አብዛኞቹ የሰሜኑ ቀዝቃዛ አገር ዛፎች ናቸው። የእኛው ግን የአፍሪካ ልጅ ነው።

ብዙ ጊዜ ከሥሩ ብዙ ግንድ የሚያወጣ ቁጥቋጦ ወይም መካከለኛ ዛፍ ሆኖ ይታያል። ሲመቸው እስከ 10 ሜትር ያድጋል። ቅጠሉ ጠባብና ረጅም ነው፤ ጫፉ ይሾላል። ጠርዙን በጣት ስትዳብሱት ደቃቅ ጥርስ አለው። ከላይ አረንጓዴ፣ ከሥሩ ነጣ ያለ ነው። ለጋ ቅርንጫፉ ቀላ ይላል፤ ስታጥፉት ቶሎ አይሰበርም። ያረጀ ግንድ ላይ ቅርፊቱ ሻካራና የተሰነጣጠቀ ነው።

ሁለት ዛፎች ከአኻያ ጋር ይምታታሉ። አንደኛው ሳሊግና ነው። ቅጠሉ ጠባብና ረጅም ስለሆነ ከሩቅ ያሳስታል። ሳሊግና ግን ከአውስትራሊያ የመጣ የግራር ዘመድ ነው፤ ደረቅ ተራራ ላይ ይተከላል፣ ቢጫ አበባና ረጅም ፍሬ አለው። ሁለተኛው ቁንዶ በርበሬ ነው። ቅርንጫፉ ወደ ታች ስለሚንጠለጠል ብዙ ሰው አኻያ ይለዋል። ቅጠሉን በጣታችሁ ጨፍልቃችሁ አሽትቱት፤ ቁንዶ በርበሬ ከሆነ ሽታው ወዲያው ይነግራችኋል። የአኻያ ቅጠል እንዲህ ያለ ኃይለኛ ሽታ የለውም።

ወንድና ሴት አለው የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። አንዱ ዛፍ የወንድ አበባ ብቻ፣ ሌላው የሴት አበባ ብቻ ያወጣል። አበባው ረዘም ያለ ለስላሳ ዘለላ ነው። የሴቷ ፍሬ ሲፈነዳ ነጭ ጥጥ የሚመስል ነገር በነፋስ ይበተናል። ዘሩ በውስጡ ነው፤ በጣም ደቃቅ ነው። ጥጡ ግቢ ውስጥ እንዳይበተን የሚፈልግ ሰው ቁራጩን ከወንዱ ዛፍ ይውሰድ።

ደሴ ላይ ይሻለዋል ወይስ ኮምቦልቻ?

ሁለቱም ይስማሙታል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት። ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ወርዳ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። አኻያ በወይና ደጋም በደጋም ይበቅላል፤ ስለዚህ ከፍታው አያሳስብም። የሚወስነው ውሃ ነው።

ጦሳ ተራራ ግርጌ ያለ ድንጋያማና ደረቅ ግቢ ለአኻያ አይሆንም፤ ደሴም ቢሆን። ኮምቦልቻ ውስጥ ግን ሙቀቱ እያለም ወንዝ ዳር ያለ እርጥብ መሬት ላይ ጥሩ አድርጎ ያድጋል። የኮምቦልቻ ፀሐይ ውሃ ቶሎ ስለሚያደርቅ፣ ከወንዝ ራቅ ብሎ ከተተከለ የመጀመሪያውን በጋ ያለ ውሃ አያልፈውም። እንደ ቦሩ ሜዳ ውርጭ በሚበዛበት ቦታ ደግሞ ለጋው ጫፍ ሊቃጠል ይችላል። ሥሩ ከያዘ ከታች መልሶ ያቆጠቁጣልና ተስፋ አትቁረጡ።

ምን ዓይነት አፈር፣ ምን ያህል ፀሐይ ይፈልጋል?

አፈር አይመርጥም። ደለል፣ አሸዋማ፣ ሸክላማ፣ ሁሉም ይሆነዋል። ሥሩ ለተወሰነ ጊዜ ውሃ ውስጥ ቢቆይ ችሎ ያልፋል፤ ይህን የሚችል ዛፍ ብዙ አይደለም። ጥቁር ሸክላ በሆነው መረሬ ላይ ከተከላችሁ ግን በበጋ መሬቱ ሲሰነጠቅ ለጋ ሥሩ ይቆረጣል። ከሥሩ ዙሪያ ሣር ወይም ገለባ አልብሱት።

ፀሐይ በደንብ ይፈልጋል። ትልቅ ባሕር ዛፍ ሥር ወይም ከግንብ ጥላ ውስጥ ከተተከለ ይቀጥናል፤ ጎንበስ ብሎ ብርሃን ሲፈልግ ይኖራል።

መሬታችን ቦርከና ዳር ነው፤ በየክረምቱ ይቆረሳል። አኻያ ያድነዋል?

ይህ ከሁሉም የበለጠ የምወደው ጥያቄ ነው። አዎ፣ ብዙ ይረዳል። ነገር ግን አተካከሉ ካልተስተካከለ ልፋት ብቻ ይሆናል።

መጀመሪያ የሚሠራበትን መንገድ እንይ። የአኻያ ሥር ደቃቅና ብዙ ነው፤ እርስ በርሱ ተጠላልፎ የዳሩን አፈር ይይዛል። ብዙ ዛፎች የውሃ መስመሩን ይሸሻሉ። አኻያ ግን ሥሩን እዚያው ውሃው ጠርዝ ላይ ይሰዳል። ግንዱ ደግሞ ተጣጣፊ ነው። ጎርፍ ሲመጣ ይተኛል፣ ውሃው ሲያልፍ ይነሳል። ተኝቶም ሳለ የውሃውን ፍጥነት ይቀንሳል፤ ፍጥነቱ የቀነሰ ውሃ የተሸከመውን ደለል እዚያው ያራግፋል። በየዓመቱ ሲቆረስ የነበረው ዳር ቀስ በቀስ ይሞላል።

አሁን ሰዎች የት ላይ እንደሚሳሳቱ ልንገራችሁ። ዳሩ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ተቆርጧል እንበል። ከላይ ማሳው ጠርዝ ላይ አኻያ ይተክላሉ። ውሃው ግን የሚበላው ከታች ነው። ከሥር ባዶ ሲሆን ከላይ ያለው አፈር ከነዛፉ ይወድቃል። ስለዚህ መጀመሪያ ዳሩን በዶማ አስተካክሉና ተዳፋት አድርጉት። ከዚያ ተከላውን ከታች፣ በበጋ ውሃው ከሚደርስበት መስመር ትንሽ ከፍ ብሎ ጀምሩ። ወደ ላይ እየወጣችሁ ረድፍ በረድፍ ትከሉ። ረድፎቹ ፊት ለፊት አይሁኑ፤ የላይኛው በታችኞቹ ሁለት መካከል ይግባ። በአንዱና በሌላው መካከል ከግማሽ እስከ አንድ ሜትር በቂ ነው። ከላይኛው ክፍል ላይ ቬቲቨር ወይም ዝሆኔ ሣር ቢጨመር በጣም ያግዛል።

ወንዙ በሚጠመዘዝበት በውጨኛው ኩርባ ላይ ውሃው በኃይል ይመታል። እዚያ ላይ አኻያ ብቻውን አይችልም። ከታች ድንጋይ ወይም ጋቢዮን (ድንጋይ የሚሞላበት የሽቦ ሳጥን) ይደረግና በድንጋዩ መካከል አኻያው ይተከል። ሽቦው ዝጎ ሲበጠስ ሥሩ ድንጋዩን ይዞት ይቆያል።

ወቅቱም ወሳኝ ነው። ዛፍ የሚተከለው ሐምሌ ላይ ነው የሚለው ልማድ ለወንዝ ዳር አይሠራም። ሐምሌ ላይ የተተከለ ቁራጭ ሥር ሳይሰድ የነሐሴ ጎርፍ ይደርስበታል፤ ይነቅለዋል። ለወንዝ ዳር የሚሻለው ውሃው ሲጎድል፣ ከመስከረም አጋማሽ በኋላ ነው። መሬቱ ገና እርጥብ ነው፤ የወንዙም ውሃ ቅርብ ነው። እስከ ሚቀጥለው ክረምት ድረስ ዘጠኝ ወር ያህል ሥር ይሰዳል። ወሎ በልግ ስላለው የካቲትና መጋቢትም አማራጭ ነው፤ በልጉ በደንብ ከጣለ ማለት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ከጎረቤት ጋር ተነጋገሩ። አንዱ ዳር ብቻ ከተጠናከረ ውሃው ኃይሉን ወደ ማዶ ያዞራል። የእናንተ ማሳ ድኖ የማዶው ሰው ማሳ መቆረስ የለበትም። ከተቻለ ሁለቱም ዳር አብሮ ይሠራ። የወንዙን መሄጃ መሐል ላይ ግን በፍጹም አትትከሉ፤ ውሃውን ያጠባል፣ ጎርፉንም ወደ ቤትና ማሳ ያወጣል።

በ2011 ዓ.ም. አረንጓዴ አሻራ ከተጀመረ ወዲህ በየክረምቱ ብዙ ችግኝ ይተከላል። የወንዝ ዳር ተራ ሲደርስ የተገኘው ችግኝ ሁሉ ከሚደረደር አኻያ ቢመረጥ እመኛለሁ። ጽድ ውሃ ዳር ለምን ይሰቃያል?

ቁራጩን እንዴት አዘጋጃለሁ?

ቀላል ነው። ጤነኛ ዛፍ ምረጡ። አንድ ወይም ሁለት ዓመት የሆነው፣ ያልጠወለገና ያልተቦረቦረ ቅርንጫፍ ይሁን። ለግቢ ወይም ለችግኝ ጣቢያ የእርሳስ ውፍረት ያለው፣ ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ቁራጭ ይበቃል። ለወንዝ ዳር ደግሞ እንደ አውራ ጣት ወይም ከዚያ ወፈር ያለ፣ ከ60 ሳንቲ ሜትር እስከ አንድ ሜትር የሚደርስ እንጨት ቁረጡ።

የታችኛውን ጫፍ አሾሉት፤ የላይኛውን ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡት። ይህ ሁለት ጥቅም አለው። ሲተከል በቀላሉ ይገባል፤ የቱ ላይ የቱ ታች እንደሆነም አይጠፋችሁም። ተገልብጦ የተተከለ ቁራጭ ይደክማል፣ ብዙ ጊዜም ይደርቃል። ዓይኖቹ፣ ማለትም ቅጠል የሚወጣባቸው እብጠቶች፣ ወደ ላይ መመልከት አለባቸው።

ቅጠሉን በሙሉ አራግፉ። ከዚያ ቁራጩን ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን የታችኛውን ጫፍ ውሃ ውስጥ አቆዩት። ሲተከል ሁለት ሦስተኛው መሬት ውስጥ ይግባ። ይህን ሰዎች ይፈሩታል፤ ብዙው ክፍል ከላይ እንዲታይ ይፈልጋሉ። ከላይ የበዛው ግን ፀሐይ ያደርቀዋል። ከላይ ሁለት ሦስት ዓይን ቢቀር በቂ ነው። መሬቱ ጠንካራ ከሆነ በመዶሻ አትምቱት፣ ይሰነጠቃል። መጀመሪያ በብረት ዘንግ ቀዳዳ ክፈቱና አስገቡት። ከዚያ አፈሩን በእግር ጠቅጠቅ አድርጉ። ባዶ አየር ከተተወ ሥር አይይዝም።

እርጥበት ካለ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ዓይኑ ሲፈነዳ ታያላችሁ። ስለ ቅጠሉ ብላችሁ ነቅላችሁ ሥሩን አትፈትሹ። ተዉት፣ ይሥራ።

ከዘር ማብቀል አይሻልም?

አይሻልም። የአኻያ ዘር ከፍሬው ከወጣ በኋላ በጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት ውስጥ ይሞታል። ገዝቶ ማስቀመጥ አይቻልም። በተፈጥሮ የሚበቅለው እርጥብ ደለል ላይ ወዲያው ሲያርፍ ብቻ ነው።

ግቢዬ ውስጥ ብተክለውስ?

ሰፊ ግቢና እርጥብ ጥግ ካላችሁ ይሆናል። ደሴ ውስጥ ግን ብዙ ግቢ ጠባብ ነው፤ ለጠባብ ግቢ አልመክርም። የአኻያ ሥር ውሃ ፍለጋ ሩቅ ይሄዳል። የተሰነጠቀ ወይም መገጣጠሚያው የላላ ቧንቧ ካገኘ ይገባና ውስጡን ይሞላዋል። ሽንት ቤት ጉድጓድና ፍሳሽ ማስወገጃም እንዲሁ። ደኅና የሆነ ቧንቧን ሰብሮ አይገባም፤ ያረጀ ቧንቧ ግን የት የት እንደሚያፈስ ማን ያውቃል? ከቤት መሠረት፣ ከቧንቧና ከሽንት ቤት ጉድጓድ ቢያንስ 10 ሜትር ይራቅ። 15 ቢሆን ደግሞ ያለ ሐሳብ ትተኛላችሁ።

የተንጠለጠለ ቅርንጫፍ ያለው የጥላ ዛፍ ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት፣ ለደረቅ ግቢ ቁንዶ በርበሬ ይሻላል። ውሃ እጥረት ይችላል።

እንደ ባሕር ዛፍ ውሃ ይጨርሳል?

አኻያ ብዙ ውሃ ይጠጣል። ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ልዩነቱ የሚበቅልበት ቦታ ነው። ባሕር ዛፍ ደረቅ ኮረብታ ላይም ሆኖ ጥልቅ ውሃ ይስባል። አኻያ ደግሞ ውሃ በሞላበት ወንዝ ዳር ነው ኑሮው፤ እዚያ የሚጠጣው ያን ያህል አያሳስብም። ጥላውም የውሃውን ትነት ይቀንሳል።

ትንሽ ምንጭ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ሰፈር የሚቀዳበት፣ በበጋ የሚቀንስ ምንጭ ከሆነ ከዓይኑ በላይና በዙሪያው አኻያ አትደርድሩ። ከምንጩ በታች፣ ትርፉ በሚፈስበት መስመር ላይ ትከሉት። ለምንጭ ራስጌ አገር በቀል ሣርና ቁጥቋጦ ይበቃል።

ደሴ ላይ መሬት ይንሸራተታል። አኻያ ይህንን ያቆማል?

የላይኛውን አፈር ይይዛል፤ የጎርፍ ቦረቦርንም ይገድባል። በክትር መካከል በተከታታይ ከተተከለ ቦረቦሩ ቶሎ ይሞላል። ከጥልቁ የሚንቀሳቀስ ተራራን ግን የዛፍ ሥር አይገታውም። ቤታችሁ ግድግዳ ላይ አዲስ ስንጥቅ ካያችሁ፣ ወይም ግቢው መሬት ከተሰነጠቀ፣ ችግኝ ሳይሆን የሥነ ምድር ባለሙያ ነው የሚያስፈልገው። ለቀበሌው ቶሎ አሳውቁ።

እንጨቱ ለምን ይሆናል?

ቀላልና ለስላሳ እንጨት ነው። ለትንንሽ የእርሻ መሣሪያ እጀታ፣ ለአጥርና ለማገር ይሆናል። ከመሬት ጋር ሲነካካ ቶሎ ይበሰብሳል፤ ምስጥም አይምረውም። ስለዚህ ለቤት ምሰሶ ወይራና ጽድ እያለ አኻያን አትቁረጡ። ለማገዶ ሲደርቅ ቶሎ ይነዳል፣ ቶሎም ያልቃል። ለምጣድ አሪፍ ነው፤ ሌሊቱን ፍም ለማቆየት አይሆንም።

እርጥብ እንጨቱን ለአጥር ከተከላችሁት ያቆጠቁጣል። ሕያው አጥር ለሚፈልግ ሰው ይህ ትልቅ ዕድል ነው። የማይፈልግ ሰው አስቀድሞ ልጦ በደንብ ያድርቀው።

ዋናው ጥቅሙ ግን ዘንጉ ላይ ነው። ቀጭኑ የአንድ ዓመት ዘንግ ተጣጣፊ ስለሆነ ይሸመናል። በአውሮፓ ለብዙ መቶ ዓመታት ቅርጫት የሚሠራው ከአኻያ ነው። እዚህም ለሻካራ ቅርጫት፣ ለዶሮ ቤት፣ ለንብ ቀፎና ለጎተራ ማገር ይሆናል። ደርቆ ከሆነ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ሲለሰልስ ነው የሚሠራው። የወሎ ሴቶች በአለላና በሰንደዶ የሚሠሩት ስፌት የታወቀ ነው። የአኻያ ቅርጫት ደግሞ ለገበያ ዕቃ መያዣ ቢሠራ ከፕላስቲክ ይሻላል፤ ለወጣቶች ሥራ ሊሆን የሚችል ነገር ነው ብዬ አምናለሁ።

ሠዓሊዎችም ያውቁታል። ለንድፍ የሚጠቀሙበት ከሰል በብዛት የአኻያ ነው፤ ለስላሳ ስለሆነ በእጅ ይጠረጋል። በእንግሊዝ የክሪኬት መጫወቻ ዱላም የሚሠራው ከአንድ የአኻያ ዓይነት ነው።

ለከብትና ለንብስ?

ቅጠሉን ፍየልና በግ ይወዱታል። ኒውዚላንድ ውስጥ በድርቅ ጊዜ የአኻያ ቅርንጫፍ ቆርጠው ለከብት ይሰጣሉ። ቅጠሉ ታኒን የሚባል አፍ የሚያኮማትር ንጥረ ነገር ስላለው ብቻውን ሳይሆን ከሣርና ከድርቆሽ ጋር ስጡ።

ፍየል የመውደዷ ነገር ግን ጣጣ አለው። አዲስ የተተከለውን ከደረሰችበት አንድም አታስቀርም። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በእሾህ እጠሩት። ወይም ወፍራምና ረጅም፣ ሁለት ሜትር የሚሆን እንጨት ትከሉ፤ ለጋው ከፍየል አፍ በላይ ያቆጠቁጣል።

ንብ ከአበባው የአበባ ዱቄትና ወለላ ትወስዳለች። ቀፎ ያላችሁ ሰዎች ወንዝ ዳር አኻያ ብትጨምሩ አትጸጸቱም።

ቅርፊቱ መድኃኒት ነው ይባላል። ትኩሳት ሲይዘኝ ቀቅዬ ልጠጣው?

ወሬው መሠረት አለው። በአኻያ ቅርፊት ውስጥ ሳሊሲን የሚባል መራራ ንጥረ ነገር አለ። ሰውነት ውስጥ ገብቶ ወደ ሳሊሲሊክ አሲድ ይለወጣል፤ ይህም ሕመምና ትኩሳት ያስታግሳል።

እ.ኤ.አ. በ1763 ኤድዋርድ ስቶን የሚባል እንግሊዛዊ ቄስ ስለዚህ ለእንግሊዝ የሳይንስ ማኅበር ደብዳቤ ጻፈ። ቅርፊቱን አድርቆና ፈጭቶ ብርድ ብርድ እያለ የሚያንቀጠቅጥ ትኩሳት ላለባቸው ወደ 50 ለሚሆኑ ሰዎች ሰጥቶ እንደተሻላቸው ገለጸ። በ1828 ዮሃን ቡክነር የተባለ ጀርመናዊ ሳሊሲንን ለይቶ አወጣ። በ1897 ደግሞ ፌሊክስ ሆፍማን ባየር ኩባንያ ውስጥ ሆድ የማይጎዳ የተሻለ ዓይነት ሲፈልግ ዛሬ አስፕሪን የምንለውን በንጹሕ መልኩ ሠራ። አስፕሪን በሚለው ስም ገበያ የገባው በ1899 ነው። ቅርፊቱ ውስጥ ያለው ግን ራሱ አስፕሪን አይደለም፤ ዘመዱ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄው። አትጠጡ ባይ ነኝ፤ ምክንያቴንም ልንገራችሁ። የሳሊሲኑ መጠን ከዝርያ ዝርያ፣ ከዛፍ ዛፍ፣ ከወቅት ወቅት ይለያያል። አንድ ብርጭቆ ውስጥ ምን ያህል እንዳለ ማወቅ አይቻልም። የጨጓራ ቁስለት ያለበት፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ፣ አስፕሪን የማይስማማው ሰው ሊጎዳ ይችላል። እርጉዝ ሴትም አትውሰደው። ለልጆችማ በፍጹም አይሰጥም። አስፕሪንና ዘመዶቹ እንደ ጉንፋን ያለ የቫይረስ ሕመም ባለበት ልጅ ላይ ሬይ ሲንድረም የሚባል አንጎልና ጉበት የሚጎዳ ከባድ ሕመም ሊያመጡ ይችላሉ።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ወባ ነው። የስቶን ሕመምተኞች የነበረባቸው ትኩሳት ወባን የሚመስል ነበር። ቅርፊቱ ትኩሳቱን ያወርዳል፤ የወባውን ጥገኛ ግን አይገድልም። ኮምቦልቻና ከዚያ በታች ያለው ቆላ በተለይ ከመስከረም እስከ ኅዳር ወባ አለው። ትኩሳቱ በቅርፊት ሲወርድ ሰው የዳነ ይመስለዋል፤ ሕመሙ ግን ውስጥ ሆኖ ይጠነክራል። ትኩሳት ካለ ጤና ጣቢያ ሂዱና ደም ተመርመሩ። ዛሬውኑ።

በኮምቦልቻ የፋብሪካ ፍሳሽ አለ። አኻያ ውሃውን ያጠራል?

በከፊል። አኻያ ከአፈርና ከውሃ ውስጥ ካድሚየምና ዚንክን የመሰሉ ብረቶችን በሥሩ ስቦ ቅጠሉና እንጨቱ ውስጥ ያከማቻል። ለዚህም በተለያዩ አገሮች የተበከለ መሬት ለማጽዳት ይተከላል። ትርፍ ማዳበሪያና ናይትሬትንም ወደ ወንዝ ከመግባቱ በፊት ይይዛል። ግን ፋብሪካው ፍሳሹን ማጣራት ያለበት ራሱ ነው፤ ዛፍ ያንን ግዴታ አይተካም።

ፍሳሽ በሚያልፍበት ዳር የበቀለ አኻያ ቅጠሉ ለከብት፣ ቅርፊቱም ለምንም ነገር አይወሰድ። ያጠራቀመው መርዝ እዚያ ውስጥ ነው። ማገዶ ማድረግም አይመከርም፤ ጭሱና አመዱ መልሶ ወደ ቤት ያመጣዋል።

ስንት ዓመት ይኖራል? ከተቆረጠስ?

በፍጥነት የሚያድግ ዛፍ ነው፤ እንደ ወይራና ዝግባ መቶ ዓመታትን አይሻገርም። ከተቆረጠ ግን ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ከመሬት ጥቂት ከፍ አድርጎ በየዓመቱ መቁረጥ ለሽመና ዘንግ፣ በየሁለትና በየሦስት ዓመቱ መቁረጥ ደግሞ ወፈር ላለ እንጨት ጥሩ ነው። የሚቆረጠው በበጋ ሲሆን ዘንጉ በሚቀጥለው ዝናብ ወዲያው ይተካል። ወንዝ ዳር ሲሆን ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትቁረጡ፤ ዳሩ ራቁቱን ይቀራል። አንዱን ረድፍ ዘንድሮ፣ ሌላውን ለከርሞ።

ያረጀና ውስጡ የበሰበሰ ግንድ በነፋስ ይሰበራል። መንገድ ዳርና ቤት አጠገብ ካለ አስቀድማችሁ አሳጥሩት።

ተባይ ያጠቃዋል?

ክሽክሽና ግንድ የሚቦረቡር ትል አልፎ አልፎ ይታያሉ። ክሽክሽን በውሃ ማጠብ ይበቃል። የተቦረቦረውን ቅርንጫፍ ከጤነኛው ክፍል ላይ ቆርጣችሁ አቃጥሉት። ወንዝ ዳር ስለሆነ ፀረ ተባይ መርጨት አይገባም፤ በቀጥታ ውሃ ውስጥ ይገባል።

በፊልምና በፎቶ የምናየው፣ ቅርንጫፉ መሬት የሚነካውስ?

እርሱ ሳሊክስ ባቢሎኒካ ነው። ስሙ ባቢሎን ቢልም አገሩ ቻይና ነው። ለመናፈሻ ያምራል፤ የሚፈልገው ቦታና እርጥበትም ያው ነው። ለቦርከና ዳር ግን አገር በቀሉን ምረጡ።

ቁራጩን ከየት ላምጣ? መቁረጥስ ይፈቀዳል?

ወንዝ ዳር ያለው ዛፍ ባለቤት የሌለው ይመስላል፤ ነገር ግን የአንድ ሰው ማሳ ዳር ወይም የወል መሬት ነው። ባለማሳውን ጠይቁ። የወል ከሆነ ለቀበሌውና ለግብርና ባለሙያው ንገሩ፤ ምናልባትም አብረው ይሠሩ ይሆናል። ከአንድ ዛፍ ከሲሶው በላይ ቅርንጫፍ አትውሰዱ። ከአንድ ዛፍ ብቻ ከመውሰድም ከአምስትና ከስድስት ዛፎች፣ ከወንዱም ከሴቷም ጥቂት ጥቂት ቁረጡ። ሁሉም የአንድ ዛፍ ልጅ ከሆኑ አንድ በሽታ ሁሉንም አንድ ላይ ሊጨርሳቸው ይችላል።

የቆረጣችሁትን ፀሐይ ላይ አታቆዩ። በረጠበ ጆንያ ጠቅልሉና ጥላ ውስጥ አስቀምጡ። ሩቅ የምትወስዱ ከሆነ መንገድ ላይ ጆንያውን ደጋግማችሁ አርጥቡ፤ እንደደረሳችሁ ባልዲ ውሃ ውስጥ አቁሙትና በማግስቱ ጠዋት ትከሉ።